የዓባይ ወለል በፒተርስበርግ

ከጣና ሐይቅ ደቡባዊ ዳርቻ፣ ባሕር ዳር ከተማ ከተቆረቆረችበት ላይ ቆሞ ዓባይ ከሐይቁ ሲለይ የተመለከተ ሰው፣ ውኃው ሐይቅ መሆኑን ትቶ ወንዝ መሆን የጀመረበትን ቦታ በጣቱ ለይቶ ለማሳየት ይቸገራል፤ ዳርና ዳሩ ይጠብባል፣ ደንገሉ ይሳሳል፣ ያለ መቅዘፊያ የተተወች ታንኳ ቀስ በቀስ ወደ አንድ ወገን ማዘንበል ትጀምራለች፣ ከዚያ ወዲያ ውኃው ማንንም ሳያስታውቅ መንገደኛ ሆኗል። ይህ ውኃ ለጠጪዎቹ ሕዝቦች ሁሉ ሲሳይ፣ ለነገሥታት መከራከሪያ፣ ለቤተ ክርስቲያናችን ሊቃውንት ደግሞ ከኤዶም ገነት ፈልቀው ምድርን ከሚያጠጡት ከአራቱ አፍላግ አንዱ፣ ግዮን ነው። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ግን በአውሮፓ ቴአትር ቤቶች ዘንድ ሌላ ሥራ ተሰጠው፤ ይኸውም ፍቅር ከቅናት ሸሽቶ የሚሸሸግበት ጥልቅ ቦታ ሆኖ በመድረክ ላይ ተሳለ። እኛ ከምንጩ አጠገብ የምንኖረው ሰዎች ስለ ዓባይ የሚነገረውን የውልና የክርክር ታሪክ ብዙ ጊዜ ሰምተናል፤ በዚያው ዘመን ስለ ወንዙ በጭፈራና በዜማ የተነገረው ታሪክ ግን ወደኛ ያልደረሰ በመሆኑ፣ ጥቂት ጊዜ ወስዶ ቢተረክ የሚያስቆጭ አይመስለኝም።

በጥር ወር 1854 ዓ.ም.፣ ዐፄ ቴዎድሮስ በነገሡ በሰባተኛው ዓመት፣ በሩሲያ መናገሻ በሴንት ፒተርስበርግ፣ በንጉሠ ነገሥቱ ታላቅ ቴአትር ቤት «የፈርዖን ልጅ» የተባለ ባሌት ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ። ባሌት ተዋንያኑ አንድም ቃል ሳይናገሩ፣ በእግርና በክንዳቸው እንቅስቃሴ፣ በፊታቸው ምልክትና በኦርኬስትራው ዜማ ብቻ ታሪክ የሚተርኩበት ጥበብ ነው፤ ይህኛው ደግሞ መቅድምና ሦስት ገቢሮች ያሉት፣ ወደ 400 የሚጠጉ ሰዎች የተሰለፉበት፣ አራት ሰዓት ያህል የሚፈጅ ሥራ ስለ ነበረ፣ በዚያች ከተማ ከዚያ በፊት ከታዩት ባሌቶች ሁሉ በግዝፈቱ የላቀ ነው ተብሎ ተወራለት። አዘጋጁ ማሪዩስ ፔቲፓ ይባላል፤ በማርሴይ የተወለደ ፈረንሳዊ ሲሆን ወደ ሩሲያ የመጣው በጨፋሪነት ተቀጥሮ ነው፤ በዚያ ጊዜ የ43 ዓመት ጎልማሳ ቢሆንም ከእርሱ በላይ ዋና የባሌት ሹም ስለ ነበረ ስሙ ገና ጎልቶ አልወጣም። የዜማው ደራሲ ቼዛሬ ፑኒ ጣሊያናዊ፣ ዋናዋ ጨፋሪ ካሮሊና ሮዛቲ ጣሊያናዊት፣ ታሪኩን የጻፈው ቨርኗ ደ ሴን ዦርዥም የፓሪስ ሰው ነበር፤ ዛሬ የሩሲያ ኩራት የሚባለው ክላሲካል ባሌት እንዲህ በእንግዶች እጅ መቆሙን ሳስበው፣ ጥበብ የሚያስተናግዳት ቤተ መንግሥት እስካገኘች ድረስ አገሯን እንደማትጠይቅ ይገባኛል።

ሥራው የተሠራበት ሁኔታም የራሱ ታሪክ አለው። የሮዛቲ የውል ዘመን ሊያበቃ ተቃርቦ ስለ ነበር፣ እርስዋም ከመሰናበትዋ በፊት የተገባላት አዲስ ባሌት እንዲሠራላት አጥብቃ ስለ ጠየቀች፣ የቴአትር ቤቶቹ ዋና ሹም ካመነታ በኋላ ፈቃዱን ቢሰጥም ለዝግጅት የተረፈው ጊዜ ስድስት ሳምንት ያህል ብቻ ሆነ። ፔቲፓ ግን አስቀድሞ ከሴን ዦርዥ ጋር ለመማከር ወደ ፓሪስ ሲጓዝ በርሊን ላይ አርፎ፣ በዚያ በሚገኘው የግብፅ ቅርስ ቤት የጥንት ሰዎች በግድግዳ ላይ የሣሏቸውን የሰዎች አቋቋምና የክንድ አጣጣል ተመልክቶ ነበር። የታሪኩ ፍሬ ሐሳብ የተቀዳው ፈረንሳዊው ባለቅኔ ቴዎፊል ጎቲዬ ስለ አንዲት የግብፅ በድን ከጻፈው ልብ ወለድ ነው። ዘመኑ አውሮፓ በግብፅ ናፍቆት የተያዘበት ዘመን ነበር፤ ሻምፖሊዮን የጥንቱን ጽሕፈት ካነበበ 40 ዓመት መሙላቱ ነው፣ የስዌዝ ቦይም መቆፈር ከጀመረ ገና ሦስተኛ ዓመቱን አልጨረሰም፣ የየአገሩ ቤተ መዘክርም በዓባይ ዳር ከተቆፈሩ መቃብሮች በወጡ ዕቃዎች ይጣበብ ነበር። ስለዚህ ቴአትር ተመልካቹ ግብፅን ለማየት ርኀብ እንጂ ዕውቀት ይዞ አልገባም።

ታሪኩ የሚጀምረው በእንግሊዛዊ ነው። ሎርድ ዊልሰን የሚባል መስፍን ከሎሌው ጋር በግብፅ ምድረ በዳ ሲጓዝ የአሸዋ ማዕበል ይነሣበትና ከነጋዴዎች ጋር ወደ አንድ ፒራሚድ ገብቶ ይጠለላል፤ በዚያም ኦፒየም አጭሶ እንቅልፍ ሲወስደው በመቃብሩ ያሉት በድኖች ይነሣሉ፣ ከእነርሱም መካከል የፈርዖን ልጅ አስፒቺያ ትገኛለች፣ እርሱ ራሱም ታሆር የሚባል የጥንት ግብፃዊ ጎበዝ ሆኖ ይለወጣል። በአደን ሜዳ አንበሳ ሲያሳድዳት ታሆር በቀስት ገድሎ ያድናታል፤ ፍቅሩም ከዚያ ይጸናል። ነገር ግን ከዓባይ ወደ ላይ ካለው አገር የኖባ ንጉሥ አስፒቺያን ለማግባት ሽማግሌና ገጸ በረከት አስከትሎ ይመጣል፣ ፈርዖንም ልጁን ሊሰጠው ቃል ይገባል። በአዳራሹ ውስጥ ትልቅ ግብዣ ይደረጋል፤ ይህ ግብዣ ፔቲፓ ብዙ ሰው በአንድ መድረክ ላይ ማሰለፍ የሚችል መሆኑን ያስመሰከረበት ክፍል ነው፤ ወንዶቹ በራሳቸው ላይ የአበባ መሶብ ተሸክመው ሲጨፍሩ ይቆዩና በመጨረሻው ምት ላይ ከየመሶቡ ውስጥ አንዳንድ ሕፃን ብቅ ይል ነበር። በዚህ ሁሉ ደስታ መካከል ሁለቱ ፍቅረኞች በስውር በር አምልጠው ይሄዳሉ።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ክፍል ለእኛ ቅርብ ነው። ሸሽተው የተጠለሉት በዓባይ ዳር ባለች በአንድ ዓሣ አጥማጅ ጎጆ ነው። ሌሊት ሆኖ ዓሣ አጥማጆቹ ታሆርን ይዘው መረባቸውን ሊጥሉ ሲወጡ አስፒቺያ ብቻዋን ትቀራለች፤ ቅናት እያቃጠለው ሲያሳድዳት የነበረው የኖባ ንጉሥም እዚያችው ጎጆ ይደርሳል፤ ከእጁ ለማምለጥ ሌላ መንገድ ስታጣ በመስኮቱ ዘልላ ዓባይ ውስጥ ትወድቃለች። መጋረጃው ሲገለጥ ተመልካቹ የሚያየው የወንዙን ወለል ነው። በዚያ አረጋዊው ዓባይ እንደ ንጉሥ በዙፋኑ ላይ ተቀምጦ ይቀበላታል፤ ለክብርዋም የዓለም ታላላቅ ወንዞች በየአገራቸው ልብስ ተሸልመው እየመጡ በተራ ይጨፍራሉ፤ የስፔኑ ጓዳልኪቪር በስፔን ምት፣ የፒተርስበርጉ ኔቫ በሩሲያ ዜማ ይገባሉ። ኔቫ በመድረክ ላይ ስትታይ ከቴአትር ቤቱ ደጃፍ ብዙም ሳይርቅ እውነተኛዋ ኔቫ በጥር ብርድ በረዶ ሆና ተኝታ ነበር። አስፒቺያ ግን የወንዞቹ ጭፈራ አያጽናናትም፤ ታሆርን እንዳይ ፍቀድልኝ ብላ ዓባይን ትለምነዋለች፣ እርሱም ወደ የብስ ይመልሳታል። ከዚያ በኋላ ያለው በአጭሩ ይነገራል፤ ታሆር ተይዞ በእባብ ተነድፎ እንዲሞት ይፈረድበታል፣ አስፒቺያ እኔም አብሬ እሞታለሁ ብላ እጅዋን ወደ እባቡ ስትሰድ ፈርዖን ይራራና ይምራቸዋል፣ የኖባው ንጉሥ እየዛተ ይወጣል፣ ሠርግ ይሆናል፤ በዚያው ሠርግ መካከል እንግሊዛዊው በፒራሚዱ ውስጥ ከእንቅልፉ ይነቃል።

ይህን ታሪክ በፒተርስበርግ ያየው ሰው እጁ እስኪቃጠል አጨብጭቦ ይሆናል፤ በጣና ዳር የሚያነበው ሰው ግን አንድ ነገር ሳይጠይቅ አያልፍም። በዓባይ ቤት ጓዳልኪቪር ተጠርቷል፣ ኔቫ ተጠርታለች፤ ውኃውን አምጥቶ ለዓባይ የሰጠው ደጋ ግን የትም የለም፤ ሰርገኛው በሞላበት ድግስ የጠማቂዋ ስም እንደ ተዘነጋ ይመስላል። ወደ አስዋን ከሚደርሰው ውኃ 85 ከመቶ ያህሉ ከኢትዮጵያ ተራሮች የሚወርድ መሆኑን በዚያ ዘመን በቁጥር ያወቀ አልነበረም፤ ይሁን እንጂ ከዚያ 244 ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1610 ዓ.ም.፣ ጴጥሮስ ፓኤዝ የተባለው ኢየሱሳዊ መነኩሴ ከንጉሠ ነገሥቱ ከሱስንዮስ ጋር ሲጓዝ ግሽ ዓባይን አይቶ ጽፏል፤ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስም በ1763 ዓ.ም. ከዚያው ምንጭ ዳር ቆሞ የመጀመሪያው እኔ ነኝ ብሎ ተመጻድቋል፤ የሰከላ ባላገር ግን ከሁለቱም በፊት ጠበሉን ሲጠመቅበት ኖሯል። ባሌቱ ከታየ ከስድስት ወር በኋላ፣ በሐምሌ 1854 ዓ.ም.፣ እንግሊዛዊው አሳሽ ስፒክ የነጩን ዓባይ መውጫ በቪክቶርያ ሐይቅ አፍ ላይ አየ፤ በዚህ ጊዜ የወንዙ ምንጭ ጉዳይ በአውሮፓ ጋዜጣ ሁሉ ሲነገር ሰነበተ፣ በመድረክ ላይ ያለው ዓባይ ግን ያለ እናትና ያለ አባት በዙፋኑ ላይ እንደ ተቀመጠ ቀረ።

ከወንዙ ላይኛው ክፍል መጣ የተባለ አንድ ሰው ብቻ አለ፤ እርሱም ቀናተኛው ነው። ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይመስለኝም። ከላይ ያለው ንጉሥ ከታች ያለውን ሕዝብ የሚያስፈራ መሆኑ በአውሮፓና በምሥራቅ ሲወራ የኖረ አሮጌ ነገር ነው፤ ጣሊያናዊው ባለቅኔ አሪዮስቶ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በጻፈው ረጅም ግጥም ውስጥ የግብፅ ሱልጣን ወንዙ እንዳይታጠፍበት ለኢትዮጵያ ንጉሥ እንደሚገብር ተርኳል፤ ዐፄ ተክለ ሃይማኖት ቀዳማዊም በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መግቢያ ላይ ለካይሮው ፓሻ በጻፉት ደብዳቤ ስለ ዓባይ ማስጠንቀቂያ አሰምተዋል። የዚህ ሁሉ ትዝታ በፔቲፓ ባሌት ውስጥ ተንኖ አንዲት ሴት የሚያሳድድ ጥቁር ንጉሥ ብቻ ሆኖ ወጥቷል። ይህን ስል ግን ለዚያ ንጉሥ አልራራም ማለት አይደለም፤ በሚገባው ሥርዓት ሽማግሌ ልኮ ጠይቆ፣ ከአባትዋ ቃል ተቀብሎ፣ በግብዣው መካከል ሙሽራዪቱ ጠፍታበት በሺህ ሰው ፊት የተዋረደ ሰው ነው፤ በእኛ አገር ልማድ ቢዳኝ የተበደለው እርሱ ነው ብሎ የሚፈርድ ዳኛ አይታጣም።

ሌላም የሚያስገርም መገጣጠም አለ። እንግሊዛዊው ሎርድ በኦፒየም ጢስ ውስጥ ሆኖ የዓባይን ልጆች ሲያልም ከታየ ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በጥቅምት 1855 ዓ.ም.፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ለንግሥት ቪክቶርያ ወዳጅነትን የሚጠይቅና የቱርኮችን በደል የሚያመለክት ደብዳቤ ጻፉ፤ ደብዳቤውም ለንደን ደርሶ መልስ ሳያገኝ ከመዝገብ ቤት ተቀመጠ። በመቅደላ ምን እንዳስከተለ የታወቀ ስለ ሆነ ወደዚያ አልገባም።

የባሌቱ ዕድሜ ግን ረጅም ሆነ። ለፔቲፓ የሹመት በር ከፈተለት፣ በ1857 ዓ.ም. በሞስኮ ቴአትርም እንዲያዘጋጀው ተደረገ፤ ከዚያ ወዲህ ታላላቅ ጨፋሪዎች ሁሉ አስፒቺያን ሆነው ለመታየት ይሽቀዳደሙ ጀመር። በ1878 ዓ.ም. ጣሊያናዊቱ ቪርጂንያ ዙኪ፣ በ1891 ዓ.ም. ደግሞ የንጉሣዊው ቴአትር እመቤት ተብላ የምትፈራው ማቲልዳ ክሼሲንስካያ ያንን ቦታ ያዙት። የክሼሲንስካያ ነገር ለብቻው የሚያስደንቅ ነው፤ በ1854ቱ የመጀመሪያ ምሽት ቀናተኛውን የኖባ ንጉሥ ሆኖ የወጣው አባትዋ ፌሊክስ ክሼሲንስኪ ነበር፤ አባት ከ36 ዓመት በፊት በመስኮት ያስዘለላትን የፈርዖን ልጅ፣ አሁን ልጁ ሆና ዘለለች። ከአብዮቱ በኋላም ጥቂት ዘመን ታይቶ በ1920 ዓ.ም. ገደማ ከመድረክ ወረደ፣ ለ70 ዓመትም ያህል አልተመለሰም።

ቃል የሌለው ጥበብ ከመድረክ ሲወርድ ምን ይተርፈዋል? ድርሰት ቢሆን መጽሐፉ ይቀራል፤ ጭፈራ ግን በጨፋሪው ሥጋ ላይ የተጻፈ በመሆኑ ባለ ሙያው ሲሞት አብሮት ይቀበራል። ከዚህ ሞት ባሌቱን በከፊል ያተረፈው ቭላድሚር ስቴፓኖቭ የተባለ ወጣት የፒተርስበርግ ጨፋሪ ነው፤ ይህ ሰው የሰውን እንቅስቃሴ በዜማ ኖታ አምሳል የሚጽፍ ሥርዓት አውጥቶ በፓሪስ አሳተመ። ገጹ ሲታይ ዘጠኝ መስመሮች አሉት፤ ከላይ ያሉት ሁለቱ ለራስና ለገላ፣ መካከለኞቹ ሦስቱ ለክንዶች፣ የታችኞቹ አራቱ ለእግሮች ሲሆኑ፣ በላያቸው ላይ የሚሰካው ነቁጥ ክንዱ ምን ያህል እንደሚነሣ፣ ጉልበቱ ምን ያህል እንደሚታጠፍ ይናገራል። የቴአትር ቤቱ ሰዎች በዚህ ሥርዓት ብዙ የፔቲፓ ሥራዎችን፣ ከእነርሱም ጋር «የፈርዖን ልጅ»ን መዘገቡ፤ አዘጋጁ ኒኮላይ ሰርጌዬቭ ከአብዮቱ በኋላ ጥራዞቹን ይዞ ከሩሲያ ወጣ፣ ኋላም በአሜሪካ የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ንብረት ሆኑ።

የዜማ ቤት ተማሪ የነበረ ሰው ይህን ሲሰማ አዲስ ነገር አይሆንበትም። በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን በተድባበ ማርያም አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የቅዱስ ያሬድን ዜማ ከመጥፋት ለማዳን ምልክት እንደ ደረሱለት በትውፊት የታወቀ ነው፤ ይዘቱ፣ ድፋቱ፣ ቁርጡ፣ ጭረቱ፣ ርክርኩ በድጓው ፊደል ራስ ላይ በቀጭን ቀለም ተቀምጦ የሊቁን ድምፅ ወደ ልጅ ልጁ ያሻግራል። ይሁን እንጂ የእኛ ሊቃውንት ምልክት ያወጡለት ለዜማው ነው፤ የአቋቋሙ እንቅስቃሴ፣ ማለትም በዝማሜ ጊዜ የመቋሚያው አወዛወዝ፣ በመረግድ ጊዜ የከበሮው መነሣት፣ በጽፋት ጊዜ የእጁ ምት፣ ከመምህሩ ወደ ደቀ መዝሙሩ የሚተላለፈው በዓይንና በገላ ነው። በጣና ደሴቶችና በዳርቻው አድባራት በዓመታዊ ክብረ በዓል ቀን ማሕሌት የቆመ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ካህናቱ ግራና ቀኝ ተሰልፈው ሲሸበሽቡ አንዱ ከሌላው የማይዛነፈው ለዓመታት አብረው ስለ ቆሙ ነው። ቅዱስ ያሬድ በጣና ቂርቆስ ተቀምጦ አስተምሯል የሚለውን ትውፊት ብንቀበል፣ ይህ ሥርዓት በዚህ ሐይቅ ላይ ሳይቋረጥ የዘለቀው ባሌት ከኖረበት ዘመን እጥፍ ድርብ በሚሆን ጊዜ ነው። የሁለቱ ዓላማ የተለየ ስለ ሆነ አንዱን ከሌላው ማበላለጥ ከንቱ ነው፤ ዳሩ ግን ስለ አጠባበቅ ከተነጋገርን፣ ለብራናና ለሃርቫርድ ቤተ መጻሕፍት ሳይተዉ በየሌሊቱ መቆም የሚሻል ይመስለኛል።

አሁን ወደ ሌላዋ የፈርዖን ልጅ እንሻገር። የግብፁ ገዢ ከዲቭ ኢስማኤል በ1862 ዓ.ም. የስዌዝ ቦይ ሲመረቅ ለበዓሉ ክብር በካይሮ የኦፔራ ቤት አቁሞ ነበር፤ አብዛኛው ክፍሉ በእንጨት በጥድፊያ የተሠራ ነበር። ለዚህ ቤት የሚሆን የግብፅ ታሪክ ያለበት ኦፔራ ፈልጎ ታላቁን ጣሊያናዊ ጁዜፔ ቬርዲን በ150,000 ፍራንክ ተዋዋለ፤ የታሪኩን ረቂቅ ያወጣው ፈረንሳዊው የቅርስ ሊቅ ኦግዩስት ማርየት ነው። የፕሩሲያና የፈረንሳይ ጦርነት ፓሪስን ስለ ከበባት እዚያ የተሠሩት ልብሶችና መጋረጃዎች መውጫ አጥተው ስለ ዘገዩ፣ «አይዳ» በካይሮ የታየው በታኅሣሥ 1864 ዓ.ም. ነው። ኦፔራ የቃልና የዜማ ጥበብ ቢሆንም በውስጡ ባሌት አለ፤ ቬርዲም ከስምንት ዓመት በኋላ በፓሪስ ሲታይ ተመልካቹ ያለ ጭፈራ አይጠግብምና የድል በዓሉን ባሌት አስፋፍቶ ጻፈለት።

በዚህ ሥራ ውስጥ ቅናቱ ቦታውን ቀይሯል። አይዳ የኢትዮጵያ ንጉሥ የአሞናስሮ ልጅ ስትሆን በግብፅ ቤተ መንግሥት ተማርካ ለፈርዖን ልጅ ለአምኔሪስ ገረድ ሆናለች፤ ሁለቱም የሚወዱት አንዱን የጦር አለቃ ራዳሜስን ነው። በሁለተኛው ገቢር አምኔሪስ በገረዶችዋ መካከል ተቀምጣ፣ ትንንሽ ባሪያዎች በፊትዋ እየጨፈሩ፣ አይዳን አስጠርታ እንደ እኅት ታቀርባትና ራዳሜስ በጦርነቱ ሞተ ብላ ትዋሻታለች፤ አይዳ ማልቀስ ስትጀምር ደግሞ የለም፣ አልሞተም ትላታለች፤ ያች ምስኪን በደስታ ተንበርክካ አማልክትን ስታመሰግን አምኔሪስ ተነሥታ እኔም እወደዋለሁ፣ ባላንጣሽም የፈርዖን ልጅ ናት ብላ ትገልጥላታለች። ከሐሰት መርዶ ወደ ምሥራች፣ ከዚያም ወደ እውነተኛ ዛቻ በአንድ ትንፋሽ የሚሻገር እንዲህ ያለ የቅናት ትዕይንት በኦፔራ ታሪክ ውስጥ ብዙ አይገኝም፤ በጠቅላላውም በ«አይዳ» ውስጥ ሰው ሆና የምትታየኝ ፍቅረኛዋ አይዳ ሳትሆን ቀናተኛዋ አምኔሪስ ናት፤ በመጨረሻው ገቢር በቅናትዋ ለፍርድ የሰጠችውን ሰው ለማዳን በካህናቱ ደጅ ስትጮኽ ቬርዲ ከሁሉ የተሻለውን ዜማ ለእርስዋ እንደ ሰጣት ማንም ይሰማዋል። በፒተርስበርግ ቀናተኛው ከወንዙ ወደ ላይ ካለው አገር የወረደ ነበር፤ በካይሮ ግን ከላይ የመጣችው ተወዳጅዋ ናት፣ የምትቀናው የታችኛው ወንዝ ባለቤት ናት። ማርየትና ቬርዲ ይህን አስበው እንዳላደረጉት የታወቀ ነው፤ ታሪክ ግን ወዲያው አስከተለበት።

ከዲቭ ኢስማኤል የዓባይን ተፋሰስ ጠቅልሎ ለመያዝ የሚመኝ ሰው ነበር። «አይዳ» በታየበት በዚያው 1864 ዓ.ም.፣ ክረምቱ ሲገባ፣ በእርሱ አገልግሎት ያለው ስዊሳዊው ቨርነር ሙንዚንገር የቦጎስን አገርና ከረንን ያዘ። በኦፔራው ውስጥ የግብፅ ሠራዊት በመለከትና በጭፈራ ድል አድርጎ የሚገባው በኢትዮጵያ ላይ ነው፤ አይዳም በአባትዋ ግፊት በዓባይ ዳር በጨረቃ ብርሃን ከራዳሜስ የምታወጣው ምሥጢር ሠራዊቱ የሚያልፍበት ጠባብ የገደል መንገድ ነው። ጠባቡ ገደል በእውነት ሲመጣ ግን የተያዙት ግብፃውያኑ ሆኑ፤ በኅዳር 1868 ዓ.ም. የዴንማርኩ መኮንን አረንድሩፕ የመራው ጦር ከመረብ አጠገብ በጉንደት ሸለቆ በዐፄ ዮሐንስ ሠራዊት ተከብቦ አለቀ፣ አለቃውም ወደቀ፤ ሙንዚንገር በዚያው ወር በአውሳ ተገደለ። ኢስማኤል ቂሙን ሊመልስ ራቲብ ፓሻንና ከእርሱ ጋር አሜሪካዊውን ጄኔራል ሎሪንግን በብዙ ሺህ ጦር ቢልክም፣ በየካቲት መጨረሻ በጉራዕ የደረሰበት ከፊተኛው የባሰ ሆነ። ገንዘቡም ከጦሩ ጋር አለቀ፤ ጉንደት በተደረገበት በዚያው ኅዳር የስዌዝን ቦይ አክሲዮኖቹን 4 ሚሊዮን ፓውንድ በሚያህል ዋጋ ለእንግሊዝ መንግሥት ሸጠ፣ በሰኔ 1871 ዓ.ም. ደግሞ ራሱ ከዙፋኑ ተሻረ። በመድረክ ለራሱ ያስደረሰው ድል ዕድሜው አራት ዓመት እንኳ አልሞላም። ያ የእንጨት ኦፔራ ቤት እስከ 1964 ዓ.ም. ቆይቶ በእሳት ጠፋ፤ በቦታው የመኪና ማቆሚያ ፎቅ ተሠራበት፣ አደባባዩ ግን እስከ ዛሬ የኦፔራ አደባባይ ይባላል።

የኔቫ ሰዎች ወደ ዓባይ መውጫ በአካል የመጡት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በ1951 ዓ.ም. ሞስኮን ከጎበኙ ወዲህ በሶቪየት መንግሥት ርዳታ የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ተሠርቶ በ1955 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ መምህራኑም ብረታ ብረትን፣ ኤሌክትሪክን፣ ጨርቃ ጨርቅንና የእርሻ መሣሪያን ለኢትዮጵያውያን ወጣቶች ያስተምሩ ጀመር። «የፈርዖን ልጅ» ከመድረክ ከወረደ 35 ዓመት አልፎ ስለ ነበር፣ ከእነርሱ መካከል የአገራቸው ቴአትር የዚህን ወንዝ ወለል ሥሎ እንደ ነበር ያሰበ ብዙ ሰው የሚኖር አይመስለኝም፤ እነርሱ ዓባይን ያዩት በእውነተኛ ቀለሙ፣ በክረምት አፈር አዝሎ ቀይ ሆኖ ሲሮጥ ነው።

ባሌቱ እንደገና የተነሣው በ1992 ዓ.ም. ነው። ፈረንሳዊው ፒየር ላኮት በሞስኮ ቦልሾይ ቴአትር አዘጋጀው፤ የጥንቱን መዝገብ በጥቂቱ ተጠቅሞ አብዛኛውን ጭፈራ በጥንቱ ጠባይ ራሱ ደረሰው፤ ይህም ከስቴፓኖቭ ጥራዞች ጋር የሚያመሳክሩትን ሊቃውንት አላስደሰተም፤ ተመልካቹን ግን አስደስቷል። በፒተርስበርግ ማሪንስኪ ቴአትር ደግሞ አሌክሴይ ራትማንስኪ ከጥራዞቹ ቃል በቃል ሊያስነሣው ሥራ ጀምሮ ሳለ የዩክሬን ጦርነት ሲነሣ ጥሎት ወጣ፤ ጣሊያናዊው ቶኒ ካንደሎሮ ተክቶት በመጋቢት 2015 ዓ.ም. ታየ። ከ161 ዓመት በኋላ ሥራውን የጨረሰው አሁንም ከውጭ የመጣ እንግዳ መሆኑ ነው።

አንዳንድ ጊዜ ይህ ባሌት በባሕር ዳር በሙሉዓለም የባህል ማዕከል መድረክ ላይ ቢታይ ምን መልክ ይይዝ ነበር እያልሁ አስባለሁ። ፈርዖኑና ፒራሚዱ ቢቀሩ የሚጎዱ አይመስለኝም፤ የኖባው ንጉሥ ትንሽ ክብር ይመለስለታል፤ የዓሣ አጥማጁን ጎጆና የሌሊቱን ማጥመድ ለመሥራት አዘጋጁ በርሊን ድረስ መጓዝ አያሻውም፣ ታንኳውን ከዘጌ ወይም ከወይጦዎቹ መንደር ማስመጣት ይበቃዋል። የሚያስቸግረው የወንዙ ወለል ነው። በፔቲፓ ሥራ ዓባይ አረጋዊ ሆኖ በዙፋኑ ተቀምጦ ሌሎች ወንዞች ሲጨፍሩለት የሚያይ፣ ራሱ ግን ብዙም የማይንቀሳቀስ ገጸ ባሕርይ ነው፤ ጢስ ዓባይን እያየ ያደገ፣ ትከሻውን ለእስክስታ ያስለመደ የጎጃም ጎበዝ ዓባይን ሆነህ ተቀምጠህ እይ ቢባል እሺ የሚል አይመስለኝም።